በአውድማ የተሰጣችው መጽሐፍ

የጃፓንን ተራራማ ከተማ ያየኋት የማየት ጉጉት ገፋፍቶኝ አይደለም። በቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ከጠበል ጠበል እንደሚንከራተት፣ እኔም የታመመች መጽሐፍ ነበረችንና መድኃኒት ፍለጋ ሄድሁ። በሄድሁበት አገር የሚደነቅ ነገር ብዙ አይቻለሁ፤ ጠያቂዎቼም መስማት የሚሹት ያንን ነው። እኔ ግን ስለዚያች ከተማ ባሰብሁ ቁጥር ቀድሞ የሚታወሰኝ በአንድ ሽማግሌ ሁለት ጣቶች መካከል የተሳበ ቀጭን የሙጫ ክር ነው።

ደብራችን በጋይንት ደጋ ላይ ናት። ከአርብ ገበያ ጧት የተነሣ መንገደኛ ፀሐይ ሳትበረታበት ይደርስባታል። በደብሯ የዜማ ጉባኤ ነበረ። ጉባኤውን የሚያስተምሩት መምህር የእኔም መምህር ናቸው፤ ዛሬ ጺሜ ነጥቶ፣ ጉልበቴ ደክሞ ሳለሁ እንኳ እኔ «የኔታ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም «አንተ ልጅ» ይሉኛል። እሳቸው ዘንድ ዜማውን ከፈጸምሁ በኋላ ልቤ ወደ ብራና መፋቅና ወደ ቁም ጽሕፈት ስላደላ፣ የጉባኤውን መጻሕፍት መጠረዝና መጠገን የእኔ ድርሻ ሆኖ ኖረ።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ የምትበልጠው «እናቲቱ» የምንላት የዜማ መጽሐፍ ነበረች። ተማሪው ሁሉ በእጁ የጻፈውን የሚያርመው በእርሷ ነው። ሁለት ተማሪዎች ከፊደል በላይ በተጻፈች አንዲት የዜማ ምልክት ሲከራከሩ፣ አንዱ «እዚህ ላይ ድምፁ ይወርዳል»፣ ሌላው «የለም፣ ይጸናል» ሲል፣ የኔታ ክርክሩን እስከ መጨረሻው ያዳምጡና «እናቲቱን ጠይቋት» ይላሉ። መጽሐፏ ትመጣለች፤ አንባቢው ያለውን ይናገራል፤ በተረታው ይሳቃል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። የኔታ ዓይናቸው ከፈዘዘ ወዲህ ደግሞ የገዛ ትዝታቸውን ሳይቀር በእርሷ ይመዝኑ ጀመር። «እኔ አርጅቻለሁ፣ እርሷ አላረጀችም» ይሉ ነበር።

የታተመውን ለምን አታስመጡም የሚሉ አልጠፉም። ነገር ግን ጉባኤያችን ከሌሎች ጉባኤያት በምልክት አጣጣል የሚለይባቸው ስፍራዎች ነበሩ፤ እነዚያ በሌላ መጽሐፍ አይገኙም። የኔታም የታተመውን ሲያነሡባቸው «ወረቀቱ የሰው ቤት ልጅ ነው። ጨዋ ነው፤ የእኛን ቤት ጠባይ ግን አያውቅም» ብለው ይመልሱ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር አነጋገር «መጽሐፍ» ማለት ብራና ነው። ከማተሚያ ቤት የመጣው፣ የተጻፈበት ቃል ምንም ቅዱስ ቢሆን፣ «ወረቀት» ይባላል እንጂ መጽሐፍ አይባልም። ስለዚህ «የብራና መጽሐፍ» ብሎ የሚናገር ሰው በመካከላችን የለም፤ «የውኃ ወንዝ» እንደ ማለት ይሆንበታልና።

በኅዳር፣ እህል በሚወቃበት ወራት፣ ያልታሰበ ዝናብ ከበረዶ ጋር ወረደ። የዕቃ ቤቱን ቆርቆሮ ነፋስ ገልጦት ውኃው በመጻሕፍቱ ላይ ፈሰሰ። እኛ ካህናቱና ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ደብር ለንግሥ ሄደን ነበር። በመንደሩ የቀሩት ገበሬዎች እናቲቱን ከውኃ ውስጥ አወጧት፤ ርጥብ እህል የገጠመው ገበሬ የሚያደርገውንም አደረጉ። አሰጧት። ጥራዟን ፈትተው፣ አዲስ በተለቀለቀ አውድማ ላይ ንጹሕ ሰሌን አንጥፈው፣ ቅጠል በቅጠል ዘረጓት። ነፋስ እንዳይወስዳት በየጫፏ ጠጠር ጫኑባት፤ ዶሮና ፍየል እንዳይደርስባት ስጥ ጠባቂ አቆሙላት። ከዝናብ በኋላ የምትወጣ የኅዳር ፀሐይ ደግሞ ትፋጃለች።

ስንመለስ አንዲት እናት ከሩቅ ስታየን ነጠላዋን እየሰበሰበች ሮጣ ተቀበለችን።

«እንኳን ደስ ያላችሁ አባቶቼ! ከጥፋት አውጥተናታል! እንዴት ያለች ደረቅ ሆና ትጠብቃችኋለች!»

አውድማው ላይ ያገኘነው እንደ ባሕር ዛፍ ቅርፊት የተጠቀለለ፣ የቆረፈደ ነገር ነው። ቅጠሎቹ ከመጠናቸው አንሰው፣ ገሚሶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ ፊደሉ ተጨማድዶ ነበር። ፊደሉስ ጠንካራ ዓይን ቢያገኝ በየስፍራው ይለቀማል፤ ከፊደሉ በላይ የነበሩት ደቃቅ ምልክቶች ግን አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብተው ጠፍተዋል። ገበሬዎቹን የተቆጣቸው የለም። ምን ተብሎ ይቆጧቸዋል? ለዘር ከሚያኖሩት እህል አብልጠው ተጠንቅቀውላት ነበር።

የኔታ «አንዲቱን ቅጠል በእጄ ስጡኝ» አሉ። ዳሰሷት፣ ገለበጧት።

«ይህች ምንድን ናት?» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎች ሲከራከሩ «እናቲቱን ጠይቋት» ማለት ቀረ፤ በእርሱ ፈንታ «ቆዩ» ይሉ ጀመር። ክርክሩ ሁሉ ሳይፈረድ ተከመረ። የክርክሩን ፍርድ ያላወቀ ተማሪ ወደ ፊት መሄድ አይችልምና ትምህርቱም በዚያው ቆመ።

ልጄ በዚያን ጊዜ የጤና ትምህርት ለመማር ጃፓን አገር ነበረች። ለምርቃቷ እንድመጣላት ትለምነኝ፣ እኔም ዕድሜዬን እያመካኘሁ እከለክላት ነበር። የመጽሐፏን ነገር በሰማች ጊዜ ግን ደውላ እንዲህ አለችኝ፤ «አባዬ፣ እዚህ ተራራ ላይ ያለች አንዲት የጥንት ከተማ አለች። ሰዎቿ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን የእጅ ሥራ አልተዉም። ወረቀት በእጃቸው የሚሠሩ፣ በጎርፍ የተበላሸ መጽሐፍ የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ ይላሉ። ይምጡና አብረን እንጠይቃቸው።»

እኔ ብራና ሠሪ ነኝ። ቆዳ በጥላ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ቀስ ብሎ እንደሚደርቅ፤ ፀሐይ የመታው ብራናም እንደማይመለስ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሐኪም የገዛ ልጁ ሲታመምበት ሌላ ሐኪም ይጠራል። ከእኔ የሚበልጥ ዐዋቂ ይኖራል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ለመሰናበት የኔታ ዘንድ ገባሁ።

«አንተ ልጅ፣ አገሩ ሩቅ ነው አሉ» አሉኝ።

«ሩቅ ነው የኔታ።»

«ከወገዳ ይርቃል?»

ተማሪ ሳለሁ ከእሳቸው ጋር ወደ ወገዳ ስንሄድ እግሬ ቆስሎ በመንገድ ላይ ማልቀሴን እስከ ዛሬ ይተርቡኛል።

«ይርቃል የኔታ። ግን በእግር አይደለም።»

«እንግዲያ አታለቅስም።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔ እስክትመጣ በሕይወት እንድጠብቅህ የአምላክን ደጅ እየለመንሁ እቆያለሁ። አንተ ዝም ብለህ አትምጣ። ትድናለች ወይም አትድንም የሚል ቃል ይዘህ ና። ‹ቆዩ› ማለት ሰለቸኝ።»

መጽሐፏ ቅርስ ናትና ከአገር አትወጣም። ከፊቷ ግን ጽሕፈት የሌለባት አንዲት መሸፈኛ ቅጠል ነበረች፤ እርሷም ከሌሎቹ ጋር ተሰጥታ የቆረፈደች ናት። ከሚመለከታቸው አስፈቅጄ እርሷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በደረቴ ይዤ ተነሣሁ።

የደረስሁት ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ከምርቃቷ በፊት ልጄ በባቡር ወደዚያች ከተማ ይዛኝ ሄደች። ባቡሩ በወንዝ ዳር፣ በሁለት ተራሮች መካከል እየተጠማዘዘ ወጣ። ተራሮቹ እንደ እኛዎቹ ገደላማ ናቸው፤ ነገር ግን ከእግር እስከ ራስ ደን ለብሰዋል። የእኛን ራቁት ገደል ለለመደ ዓይን ተራራው ሁሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሆኖ ይታየዋል። በረዶው መሬቱን ሸፍኖት ነበር። እኔ በረዶ የማውቀው ከሰማይ ተወርውሮ ሰብል ሲደበድብ ነው፤ ዝም ብሎ የሚወርድ በረዶ አይቼ አላውቅም።

ከተማዪቱ ከእንጨት የተሠራች ናት። ከዘመን ብዛት የጠቆሩ፣ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ቤቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጠባብ ቦይ አለ፣ የተራራ ውኃ ይፈስበታል። በየደጁ አንድ ሙያተኛ ተቀምጧል፤ አንዱ እንጨት ይፈለፍላል፣ አንዱ ሳሕን በዛፍ ደም፣ ከግንዱ በሚቀዳ ፈሳሽ፣ ይቀባል፣ አንዲቱ ቅርጫት ትሠራለች። ጎብኚዎች በፊታቸው ሲያልፉ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉላቸዋል። ልጄ ስለ አንዱ እንጨት ጠራቢ ስትነግረኝ መንግሥት ሳይቀር ያከበራቸው ሰው መሆናቸውን ነገረችኝ።

እኔም የአገሬን አሰብሁ። በእኛ ዘንድ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪው «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ አልፊው «ፋቂ» እየተባለ ተሰደበ፤ ዓይነ ክፉ ነው ተብሎ ልጅ ተደበቀበት። እኔ ራሴ ብራና በመፋቄ፣ ካህን ነው ብለው ፊት ለፊት ባይሰድቡኝም፣ በጠላ ቤት «ፋቂው አባታችን» ተብዬ መሳቂያ መሆኔን እሰማ ነበር። ሦስት ልጆች ወለድሁ፤ አንዳቸውም መፋቂያውን አልያዙም፤ እኔም ያዙ ብዬ አልጫንኋቸውም። በዚያ ጎዳና ላይ ቆሜ ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ ከበደኝ። ጠቢብና ጠይብ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። እኛ አንደኛውን ለንጉሥ ሰጥተን በሁለተኛው ድኻ ሰደብንበት።

የወረቀት ሠሪው ቤት ከከተማው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ነው። ሽማግሌው በዕድሜ ከእኔ ጋር የሚቀራረቡ፣ አጭር፣ ከንግግር ይልቅ ራሳቸውን መነቅነቅ የሚቀናቸው ሰው ናቸው። እጆቻቸው ከቀዝቃዛ ውኃ ብዛት ቀልተው አብጠዋል። በደጃቸው የዛፍ ልጥ በበረዶው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ በረዶው ያነጣዋል አሉ። በውስጥ ልጡን ቀቅለው፣ በእንጨት ወቅተው፣ በገንዳ ውኃ ይበትኑታል። በላዩ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ የሥር ውኃ ይጨምሩበታል። ከዚያ በኋላ በቀርከሃ ወንፊት ውኃውን ቀድተው እያወዛወዙ ያጠሉታል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረው ስስ ነጭ ነገር ወረቀት ነው።

ወደ ጓሮ ስንወጣ ግን እግሬ ቆመ። ረጃጅም ሳንቆች በግድግዳው ተደግፈው፣ ነጫጭ ወረቀቶች ተለጥፈውባቸው፣ ፀሐይ ተቀብለዋል።

«ስጥ!» ብዬ ጮህሁ። «ልጄ፣ ስጥ ነው እኮ! እነዚህም ያሰጣሉ!»

ልጄ ሳቀች። ሽማግሌው ምን እንዳልሁ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ከዚያም የመጣንበትን ነገር ተረከችላቸው፤ መጽሐፋችን በዝናብ እንደ ራሰች፣ ጥራዟ እንደ ተፈታ፣ ቅጠል በቅጠል በፀሐይ እንደ ተሰጣች። ሽማግሌው እየነቀነቁ ሰሙ፤ በጣታቸውም ወደ ሳንቆቹ አመለከቱ።

«ምን አሉ?» አልሁ።

«‹ሰዎቻችሁ ደኅና አድርገዋል፤ እኛም በፀሐይ ነው የምናደርቅ› ይላሉ።»

«ተጨማድዳለች በያቸው።»

«‹የተጨማደደ በርጥበት ይፈታል፣ የተቀደደ በስስ ወረቀት ይያያዛል› ይላሉ።»

«ቀለሙስ? ቀለሙ አይሄድም ወይ?»

«‹ቀለማችሁ ከምን ነው?› ይላሉ።»

«ከጥቀርሻ።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። የእነርሱም ቀለም ከጥቀርሻ ነበር። ልጄም እየተጣደፈች፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ «‹ጥቀርሻ ውኃ አይፈራም። ከዚህ የባሰ አይቻለሁ፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይድናል› ይላሉ አባዬ! ይድናል ይላሉ!» አለችኝ።

በዚያ በማላውቀው ሰው ጓሮ፣ በበረዶው ላይ ሰገድሁ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው እሳቸውም ዝቅ አሉልኝ፤ እኔ ለፈጣሪ የሰገድሁትን ለእሳቸው መስሏቸው ይሆናል። ልጄ ደስታዋን መያዝ አልቻለችም። ስልኳን አውጥታ፣ በደብራችን ካሉት ተማሪዎች ስልክ ላለው ለአንዱ ደወለች። መስመሩ ብዙ ጊዜ እምቢ እንደሚለን እናውቃለን፤ በዚያ ሰዓት ግን፣ ምነው በቀረ፣ ገባ። ስልኩን ለየኔታ አቀበሉልኝ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ።»

«ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ምን አሉህ?»

«ትድናለች አሉ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ድገመው» አሉ።

«ትድናለች አሉ የኔታ።»

«ሰማችሁ?» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለእኔ አልነበረም። «እናንተ ወሬኞች፣ ሰማችሁ? ያቆየሁላችሁን ክርክር ሁሉ እንዳትረሱ! አንድም ሳይቀር እፈርድላችኋለሁ!» ተማሪዎቹ እልል አሉ፤ በዚያው መሐል መስመሩ ተቋረጠ።

የሽማግሌው ባለቤት ምግብ አቀረቡልን። እኔ የጾሙ መፍቻ ሰዓት አልደረሰም ብዬ ተቀመጥሁ። ሰዓቱ ሲደርስም ልጄ ሾርባው የዓሣ መረቅ እንዳለበት አይታ አስመለሰችው። ሴትዮዋ ነጭ ሩዝና የተቀቀለ ሥር በጨው ብቻ አድርገው አመጡልኝና አንድ ነገር ለልጄ ተናገሩ፤ ልጄ ሳቋን ዋጠች።

«ምን አሉ?»

«‹አባትሽ ጠንካራ ናቸው ወይስ ግትር?› ይላሉ።»

«አገሬ መጥተው እናትሽን ቢያገኟት ኖሮ ትነግራቸው ነበር በያቸው» አልሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ስለ እርሷ ቀልዬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ቀለድሁ። እንዲያ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከምግቡ በኋላ ሽማግሌው «ናሙና ይዛችኋልን?» ብለው ጠየቁ። ከደረቴ ነጩን ጨርቅ አውጥቼ ፈታሁ፤ ቅጠሏን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ገና እንደ ነኳት ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ብርሃን አቀረቧት፤ አሸተቷት፤ በጥፍራቸው ቀስ ብለው መቷት። ከዚያም ልጄን አንድ ነገር ጠየቋት። እርሷ መለሰች። ደግመው ጠየቋት። በዚህ ጊዜ የልጄ ድምፅ ቀነሰ።

«ምንድን ነው?» አልሁ።

«‹ይህ ምንድን ነው?› ይላሉ።»

«መጽሐፏ ናት በያቸው።»

«ብያለሁ። ‹ይህ ቆዳ ነው፤ መጽሐፉ የታለ?› ይላሉ።»

ያን ጊዜ የሆነው ሁሉ ገባኝ። ልጄ ያደገችው በእኔ ቤት ነው። «መጽሐፍ» ስትል በልቧ ያለው ብራና ነው፤ በእነርሱ ቋንቋ መጽሐፍ ስትላቸው ግን ሽማግሌው የሰሙት ወረቀት ነው። የእነርሱ አባቶች በቆዳ ላይ ጽፈው አያውቁም። ሰዎቻችሁ ደኅና አድርገዋል ያሉት፣ ይድናል ያሉት፣ ስለ ሌላ መጽሐፍ ነበር። በዓለም ላይ ስላልነበረ መጽሐፍ።

ልጄ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ሽማግሌው ከቅጠሏ ጫፍ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ቆርሰው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖሩ፤ የለብታ ውኃ ጠብ አደረጉባት። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ቅንጣቷ ተኮማተረች፤ ጥቂት ቆይታ ሟሟች። ሽማግሌው በጣታቸው ነክተው፣ አውራ ጣታቸውን በጠቋሚ ጣታቸው ላይ አድርገው አላቀቁት። በመካከሉ ቀጭን ክር ተሳበ።

አንድ ቃል ተናገሩ። ልጄ ልትተረጉምልኝ አፏን ስትከፍት እጄን አነሣሁባት። ሽታውን አወቅሁት። የቆዳ ፍርፋሪ ቀቅዬ ለጥራዝ ስንት ጊዜ ያወጣሁት ሙጫ ነው። ፀሐይዋ መጽሐፏን ያደረቀች መስላ ቀቅላታለች፤ ውኃ የሚነካት ቀን እስኪመጣ ድረስ የቆየው መልኳ ብቻ ነው። ልናለሰልሳት ብንሞክር በእጃችን ላይ ትፈስሳለች።

ሽማግሌው ዝቅ ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ጥፋት ግን አልነበረባቸውም። ልጄ የነገረችኝ ቃላቸው ይህ ነው፤ «ወረቀት ዛፍ ነው፤ በፀሐይ ኖሯልና ፀሐይን ያውቃታል። ይህ ሥጋ ነበር።» ስንወጣ ባለቤታቸው አንድ ጥቅል ወረቀት፣ ገና ያልተጻፈበት፣ በጨርቅ ጠቅልለው በእጄ አስያዙኝ። እንቢ ማለት ነውር ስለሚሆን ተቀበልሁ። ባቡር ጣቢያው ላይ ልጄ አልቅሳ አልቅሳ፣ «እኔ ነኝ አባዬ፤ አንዲት ቃል ብጨምር ኖሮ!» አለችኝ። «ያቺን ቃል ከማን ትሰሚያት? እኔም አላስተማርሁሽ፤ አባቴም እኔን አላስተማረኝ» አልኋት። ሳልደሰት በምርቃቷ ቆምሁ፤ እርሷም ሳትደሰት ተመረቀች።

ወደ ደብራችን ብዙ ጊዜ ደወልን፤ መስመሩ አልገባም። አንድ ቀን ግን ገባ። ይህ በስልክ የሚነገር ቃል አይደለም አልሁ፤ ዘጋሁት። ወደ አገሬ ተመልሼ፣ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቶ አርብ ገበያ ስደርስ የገበያ ቀን ነበር። ተማሪዎቹ መምጣቴን ከመኪና ረዳት ሰምተው ኖሮ፣ በጨው ሻጮችና በአህዮች መካከል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው እያዜሙ ተቀበሉኝ። ገበሬዎች ሸቀጣቸውን እየተዉ ቆመው አዩን። አንዱ ጓዜን ነጥቆ ተሸከመ፤ ሌላው ጥቅሉን ወረቀት አቅፎ ሳመው፤ እርሷ ናት ብሎ ነው። «አይደለችም» አልሁት። እርሱ ግን ዜማው በዝቶበት አልሰማኝም። እያዜሙ ይዘውኝ ወጡ።

የኔታ በጎጇቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ መጣህ?»

«መጣሁ የኔታ።»

«ቃሉን አምጣው እንጂ ምን ቆመሃል?»

«አትድንም የኔታ። ሙጫ ሆናለች።»

ዜማው በኋላዬ ተቋረጠ። የኔታ ራሳቸውን ወደ ድምፄ አዘነበሉ።

«በስልክ ያልኸኝስ?»

«መጽሐፍ ስንላቸው ወረቀት መሰላቸው።»

እሳቸው ሳቁ። ሳል እስኪያስቆማቸው ድረስ ሳቁ። «ምስኪኖች!» አሉ። «እኛ ወረቀቱን መጽሐፍ አንለው፣ እነርሱ ብራናውን መጽሐፍ አይሉት። ሁላችንም ትክክል ነን።» ከዚያም እጃቸውን ዘረጉ፤ ጥቅሉን ሰጠኋቸው። ፈትተው ዳሰሱት፤ ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት። «ለስላሳ ነው» አሉ። «ደግ ሰዎች ናቸው። ምን ሊጻፍበት ነው?»



በማግስቱ ጉባኤ ዘረጉ። «ያቆየሁትን አምጡ፤ ቃል ገብቻለሁና እፈርዳለሁ» አሉ። ሁለት ተማሪዎች ተነሥተው በኅዳር የተከራከሩባትን ምልክት አነሡ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን አዜሙት፤ በአንደኛው ተማሪ መንገድ ነበር። እርሱም ደስ አለው። ጥቂት ቆይተው ደግመው አዜሙት፤ በሁለተኛው መንገድ ወጣ። በሦስተኛው ጊዜ ጀምረው በመካከል አቋረጡ። እጃቸው በጉልበታቸው ላይ መጽሐፍ እንደሚፈልግ ሰው ሲዳስስ አየሁት።

«አላውቅም» አሉ።

ያን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር። የሰማው ሁሉ አንገቱን ደፋ። የኔታም «እንግዲህ የማያውቅ አያስተምርም። እዚሁ ጋይንት ወዳለው ወደ ቤተ ልሔም ጉባኤ ሂዱ፤ እዚያ መጻሕፍቱም መምህራኑም ደኅና ናቸው። የእኛን መንገድ ስታሰሙ ስሕተት ነው ብለው ቢያርሟችሁ አትከራከሩ፤ ምስክር የላችሁም» አሏቸው። ተማሪዎቹ አለቀሱ፤ ጥቂት ቀንም ቆዩላቸው። ከዚያ ግን አኮፋዳቸውን አንግተው አንድ በአንድ ተሰናብተው ወጡ። እውነት ነው፤ ዜማ አልጠፋም፤ በሌላ ስፍራ በክብር ይዜማል። የጠፋው የእኛ መንገድ ነው። ልዩነቱ ለሌላው ሰው ከአንዲት ምልክት አይበልጥም፤ ለእሳቸው ግን ዕድሜያቸው ነበር።

የተማሪዎቹ ጎጆዎች ክዳናቸው መሳሳት ጀመረ። አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆነች ባልቴት መጥታ ከበሩ ውጭ ቆመች።

«የኔታ፣ ልለምንዎት ነበር።»

«ተናገሪ ልጄ።»

«ጎጆው ባዶውን ከሚፈርስ ብዬ… ጥጃዬን ባስርበት። ጅብ አስቸገረኝ። ነውር ከሆነ ይተዉት።»

«እሰሪው» አሏት። «ነውር አይደለም።»

በማግስቱ ጧት ከጸሎት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ ጥጃው ይጮህ ጀመር። ከጉባኤው ስፍራ በኩል ነበረና የኔታ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ማን ነው እርሱ?»

«የባልቴቷ ጥጃ ነው የኔታ።»

ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡት። «ይኸኛውስ ሳይጠይቀኝ ያዜማል» አሉ።

ባልቴቷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ዘገየች። ጥጃው መጮኹን አላቆመም፤ እኛም ሌላ የምንሰማው ስላልነበረን እርሱን ስንሰማ ቆየን።